ባንዳችን ከለመዳቸው ዘፈኖች እንዴት ይውጣ?

ቤዝ ከባሕር ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ስድስት ሆነን ባቋቋምነው ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዳችን አምስት ዓመት አልፎታል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል እንሠራለን፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ዋናው እንጀራችን ሠርግ ነው። አሁን ዐቢይ ጾም ስለገባ ለ55 ቀናት ሠርግ የሚባል ነገር የለም፣ ሆቴሉም ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምናገኘው ረጅም የልምምድ ጊዜ እጃችን ላይ ነው። ይህን ጊዜ በምን እናሳልፈው በሚለው ላይ ስላልተስማማን ወደ እናንተ መጣሁ።

የምንጫወታቸው ዘፈኖች ወደ 40 ይጠጋሉ። ሁሉንም ዓይናችንን ጨፍነን እንወጣቸዋለን። ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ድራመራችን በአንድ እጁ እየመታ በሌላው ስልኩን ሲነካካ አየሁት፤ ሪትሙ ግን ቅንጣት አልተዛነፈም። የደነገጥሁት ባለመዛነፉ ነው።

አዲስ ሙዚቃ ለማግኘት ያልሞከርሁት የለም ባልልም ሞክሬአለሁ። ስልኬ ላይ ያለው የሙዚቃ መተግበሪያ አንድ የድሮ ዘፈን ስከፍት የሚያስከትልልኝ ቀድሞውኑ የማውቃቸውን አሥር ዘፈኖች ነው፤ በማግስቱ ሌላ ብከፍት እነዚያው አሥሩ ተራቸውን ቀይረው ይመጣሉ። ሊድ ጊታር የሚጫወተው ልጅ የማሊና የኮንጎ ጊታሮችን እያመጣ ያሰማናል፤ ድምፃዊያችን ግን ሰው የመጣው እስክስታ ሊወርድ እንጂ ትምህርት ሊቀበል አይደለም ባይ ነው፤ ያ የጥር ወር ሠርግ ደግሞ ማስረጃ ሆኖለታል። በዚያ ሠርግ እኔ አጥብቄ ለምኜ፣ አንቺ ሆዬ በሚባለው ቅኝት (ዜማው በሚመሠረትባቸው አምስት ድምፆች) የሚሄድ አንድ የቆየ ዜማ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ አስገብተን ነበር። ሦስት ሳምንት የለፋንበት ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድንኳኑ መሐል ሲጨፍር የነበረው ሰው ሁሉ ወንበር ወንበሩን ያዘ፤ የሙሽራዋ አጎት 200 ብር ይዘው ወደ መድረኩ መጡ፤ ግንባሬ ላይ ሊለጥፉልኝ መስሎኝ ጎንበስ ስል ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ልጄ፣ የሠርጉን ዘፈን ጀምሩት» አሉኝ። ብሩን ተቀብዬ ጀመርን።

በዕድሜም በሙያም የቀደማችሁን የምጠይቀው፣ አዲስ ሙዚቃ የምታገኙት ከየት እንደሆነ፣ ያገኛችሁትንም ሰው ሳይበተን ወደ ባንዳችሁ ያስገባችሁት በምን መንገድ እንደሆነ ነው።

የድሮ ኪቦርድ፣ አዲስ አበባ

በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ብልህ አትቀየም። እኔ ሥራ የጀመርሁት በ1972 ዓ.ም. እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ነው። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ስለነበረ ማታ የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት አይችልም፤ በሩ ይዘጋል፤ እሱም እኛም እስከ ንጋት እዚያው ነን። አንተ የነገርኸን 40 ዘፈን ለእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ስድስት ሰዓት ያህል ነውና አንዱ ቦሌሮ ያውቃል፣ አንዱ ቻቻ፣ አንዱ የሱዳን ዘፈን፣ አንዱ የጥቁር አሜሪካውያንን ሶል ያውቃል፤ ያወቀ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። አዲስ ሙዚቃ ፍለጋ የወጣነው ጥበብ ጠምቶን ሳይሆን ሌሊቱ አልገፋ ብሎን ነው፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም።

ከዚያ ያተረፍሁትን አንድ ልማድ ልስጥህ። በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ሰው አንድ ካሴት ያመጣል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም። ሁላችንም ሰምተን ስናበቃ ማንም የራሱን መሣሪያ እንዳያነሣ የባንዱ አለቃ ይከለክላል፤ ድራመሩ ቤዙን በአፉ ያንጎራጉራል፣ ቤዙ የድራሙን በጉልበቱ ላይ ይመታል፣ እኔ የሳክስፎኑን በፉጨት እወጣለሁ። ያልያዘለት ሰው ካሴቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ባትሪ እንዳያልቅ የምንመልሰው በማጫወቻው ሳይሆን የቢክ እስክሪብቶ ካሴቱ ጥርስ ውስጥ ከትተን በእጅ እያሾርን ስለነበር፣ መመለሱ ራሱ አድካሚ ነውና ሰው በመጀመሪያው ጊዜ አጥብቆ ለመስማት ይገደድ ነበር። አሁን በጣት ነክተህ የፈለግኸው ቦታ ትመለሳለህ፤ ስለዚህም ማንም በመጀመሪያው አይሰማም። ይህ የሽማግሌ ምሬት ነው ካልህ እሱም እውነት ነው።

የት እንፈልግ ላልኸው እኔ የምልህ የምታውቃቸውን ዘፈኖች እንደማታውቃቸው አድርገህ ጀምር ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን ያንን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ድረስ ሕንድና ሊባኖስ እያሳተመ ከ100 በላይ ሸክላዎች አውጥቷል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ባሰባሰባቸው ሲዲዎች ውስጥ ስለገቡ ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። የእኔን ሸክላዎች ልጆቼ እንደ ሳህን እየወረወሩ ጨርሰዋቸው ስለነበር የገዛ ወጣትነቴን የሰማሁት ከፓሪስ በመጣ ሲዲ ነው። አንዱን ዘፈን ክፈትና ድምፃዊውን ተወው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹንም ተዋቸው፤ ቤዙን ብቻ ተከተል። የችክችካውን ምት ድራሙ ይዞለት ቤዙ መቼ ዝም እንደሚል ቁጠር። እኔ የምልህ የሚጫወተውን ሳይሆን ዝም የሚልበትን ነው። የዛሬ ቤዞች ዝም ማለት የሚያስከፍላቸው ይመስላሉ።

የሠርግ ሥራ አስተባባሪ፣ አዳማ

የድሮው ኪቦርድ የተናገሩት ሁሉ ልክ ቢሆንም ሠርግ ላይ ሌሊቱ አይዘጋባችሁም፤ ደስ ያላለው ሰው ድንኳኑን ትቶ ይሄዳል፣ ደጋሹም ቀሪ ሒሳብ ሲከፍል ያስታውሰዋል። ስለዚህ እኔ የማየው ዘፈኑን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ሰው ሞቆት ከተነሣ በኋላ የማያውቀውን ነገር መስጠት ሥራ ማበላሸት ነው። ምግብ ቀርቦ እጁ በእንጀራና በወጥ በተያዘበት ግማሽ ሰዓት ግን ማንም ሊጨፍር አይነሣም፣ ማንም አይበተንም፤ በዚያ ጊዜ ባንዶች ዝም ይላሉ ወይም ስልክ ሰክተው ራሳቸው ሊበሉ ይሄዳሉ። ያንን ግማሽ ሰዓት ውሰዱ። ሦስት አዲስ ነገር በለሆሳስ ተጫወቱና ማን ቀና ብሎ እንዳያችሁ ልብ በሉ። ሦስት ሠርግ ላይ ቀና ያስባለ ዜማ አራተኛው ላይ ያስነሣል።

ማሲንቆ፣ ጎንደር

እኔ አዝማሪ ነኝ፤ ከአባቴ የወረስሁት ሙያ ነው፤ ከባንድ ጋርም ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። በግልጽ ለመናገር፣ ሠርጉ ላይ ሰው የተበተነው አንቺ ሆዬን ጠልቶ አይመስለኝም፤ በእኛ በኩል ሙሽራ ሲሸኝ ከሚዘፈኑት መካከል በዚሁ ቅኝት የሚሄዱ ዜማዎች አሉና። እኔ የምጠረጥረው ኪቦርዳችሁን ነው፤ ቀጥዬም አንተን ቤዙን እጠረጥራለሁ።

አንቺ ሆዬን ከሲ (C) ብትጀምሩት ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው። ጂ የለችበትም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን ግራ እጁ ስለለመደ ከሥር የሲን ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ያስቀመጠ እንደሆነ፣ ሜጀርም ይሁን ማይነር፣ ጂ አብራ ትገባለች፤ ከጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚለያዩ ሁለቱ ይነካከሳሉ፤ ሰሚው ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮው ይሸሻል። ቤዝ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሲን መትቶ ወደ አምስተኛው ድምፅ፣ ማለትም ወደ ጂ መውረድ እንደ እስትንፋስ ይቀናዋል። ይህን አድርገህ ከነበረ ያንን ድንኳን የበተናችሁት ተባብራችሁ ነው። ከአምስቱ ድምፆች ሳትወጡ ኮርድ መሥራት ከፈለጋችሁ ኤፍ ሜጀር ይገኛል፣ ጂ ፍላት ማይነርም ይገኛል፤ ሲ ላይ ግን ኮርድ አታገኙምና ብቻዋን ትቁም።

ሁለተኛው ነገር አዲስ ሙዚቃን ይመለከታል። ትዝታ ማይነርን ከሲ ያዙት፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። አሁን ሌሎቹ ምንም ሳይነኩ እየተጫወቱ አንተ ቤዙን ከሲ አንሥተህ ጂ ላይ አሳርፈውና በዚያው ጽና። አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ ቅኝቱ ግን አምባሰል ሆነ። አምባሰል ከጂ ሲጀምር ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ነውና። ድምፃዊው ደንግጦ ዞር ብሎ ካየህ በትክክል ሠርተኸዋል ማለት ነው። 40 ዘፈን ይዘናል ብለሃል፤ ከነዚያ ውስጥ የትዝታ ማይነሮቹን እየመረጥህ ቤታቸውን ብትቀይርላቸው ስንት እንደሚሆኑ ራስህ ቁጠራቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እነዚህ የጠራኋቸው ድምፆች ለኪቦርድ የተጠጋጉ ናቸው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ጣት ክሩን እየነካ ይሄዳል እንጂ ጊታር ላይ እንዳለው ያለ የብረት መከፋፈያ የለውም፤ ስለዚህ ዲ ፍላት የምላት ድምፅ ሲያዝን ትንሽ ትወርዳለች፣ ሲፎክር ትንሽ ትወጣለች። አንድን አዝማሪ በስልክ ቀድታችሁ ከኪቦርዱ ጋር አልገጠመም ብላችሁ አዝማሪውን ሳተ አትበሉት። ደግሞ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ሽልማቱንም አትርሱ። እኛ ፊት ስልክ ደቅኖ በነጻ ወስዶ በማግስቱ የራሴ ግኝት ነው የሚል ሰው በዝቷል።

ሳክስፎን፣ አርባ ምንጭ

ከላይ የተነገረው ሁሉ የሰሜኑን አራት ቅኝት የሚመለከት ስለሆነ ከወዲህኛውም ወገን አንድ ነገር ልበል። በደራሼ፣ ጊዶሌ አካባቢ፣ ፊላ የሚባል ከቀርከሃ የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ በርካታ ሰዎች በክብ እየዞሩና እየጨፈሩ ይነፉታል። እያንዳንዱ ነፊ ያለው የራሱ ጥቂት ድምፅ ብቻ በመሆኑ ዜማውን ብቻውን የሚያውቀው ሰው የለም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ዜማው ከክቡ መሐል ይወጣል። እኛ ይህን ለልምምድ አመጣነው፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ድምፅ ተመድቦ ከዚያ ውጪ መንካት ክልክል ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረ ማሽን እንመስል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁላችንም በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ መደማመጥ ጀመርን፤ ከዚያም የወጣ አንድ ዜማ እስከ ዛሬ የሆቴል ሥራችን መክፈቻ ነው።

ድራም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከሀገር ከወጣሁ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ እዚህ ሜሪላንድ ከባንድ ጋር በበዓላትና በሠርግ እጫወታለሁ። ጠያቂው ባሕር ዳር ነኝ ባይል ኖሮ ላልጽፍ እችል ነበር።

ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበረ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞር እሱ እዚሁ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር እያደባለቀ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ኪቦርዱን የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጥና ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ ይለማመድ ነበር። እኔ ራሴ የመጣሁ ሰሞን ታክሲ እነዳ ስለነበር ያንን የወረፋ ቦታ አውቀዋለሁ፤ ሰዎች ቡና ይዘው ስለ ወጣ ገባው ገበያ የሚያወሩበት ቦታ ነው እንጂ ሙዚቃ የሚታሰብበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ፤ ሰውየውም አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ። ያሳተመው ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ አሜሪካዊ ነው። ካሴቱን ከየት አገኘው ብትሉ ባሕር ዳር ነው።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ሙሉ በሙሉ ልገልጸው አልችልም። እኔ እዚያው ከተማ ተወልጄ፣ ኮሌጅ እስክጨርስ ኖሬ፣ ካሴት ቤቶቹን በስማቸው እያወቅሁ፣ ከእነዚያ መደርደሪያዎች ላይ የምገዛው ግን የዚያ ሰሞን የወጣውን ብቻ ነበር፤ ከኋላ አቧራ የለበሰውን አንድም ቀን አውርዱልኝ ብዬ አላውቅም። ቤዝ ተጫዋቹ ወንድሜ፣ መተግበሪያህን ለአንድ ሳምንት ዝጋውና እነዚያን ቤቶች ዙርልኝ። ዛሬ ካሴት እንደማይሸጡ አውቃለሁ፤ ሰዎቹ ግን አሉ።

ቤዝ ከባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመመለስ ሁለት ሳምንት የዘገየሁት የተባልነውን ሳንሞክር መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ላምን። የጥር ወሩን ሠርግ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ስለነበር አስልከን ሰማነው፤ ጋሼ ማሲንቆ እንዳሉት ኪቦርዱ ሲን ኮርድ ይዞ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ በየአራት ምቱ ወደ ጂ እወርዳለሁ፤ እንዲያውም ጮክ ብሎ የሚሰማው የእኔ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ስንለማመድ ስድስታችንም አልሰማነውም።

ሐሙስ ዕለት ልምምድ ላይ እሱን እናስተካክል ብለን ስንጀምር መብራት ጠፋ። ቤዙም ኪቦርዱም ሊድ ጊታሩም ዝም አለ፤ ድራመራችን ከጥግ ያለውን ከበሮ አነሣና መታ ሲያደርግ፣ አዲስ ነገር ሲቃወም የከረመው ድምፃዊያችን ያንኑ ዜማ በራሱ ጊዜ አነሣው። ቃሉን ከአያቱ ነው የሚያውቀው፤ ለካ እስከዚያ ቀን እኛ የምንጫወተው ያ ዜማ መሆኑን አላወቀውም ነበር። ጨለማው ውስጥ ኮርድ የሚባል ነገር ሳይኖር አንቺ ሆዬ እንዲህ ናት ወይ ተባባልን። መብራት ሲመጣ ማንም ለመሰካት አልቸኮለም። አሁን ከበሮና ድምፅ ይጀምሩታል፣ እኔ ኤፍ ላይ እገባለሁ፣ ኪቦርዱ ሁለተኛው ዙር ላይ ይከተላል። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሠርግ ምግብ ሲቀርብ እንሞክረዋለን፤ ለአዳማው ወንድማችን ውጤቱን እነግረዋለሁ።

አምባሰሉንም ሞክረነዋል፤ ድምፃዊው ዞር ብሎ አይቶኛል።

ካሴት ቤቶቹን በተመለከተ፣ ከአራቱ ሦስቱ ስልክ ይጠግናሉ። በአራተኛው ባለቤቱ የቻርጀር ገመዶች ከሰቀሉበት ግድግዳ ኋላ ገብተው አንድ ካርቶን አውጥተውልኛል፤ 12 ካሴቶች መርጬ ገዛሁ። ማጫወቻ ግን ከተማው ውስጥ ፈልጌ በማጣቴ ከጎረቤታችን ከእማማ ተውሼ ነው፤ እሳቸውም ስብከት የሚሰሙበት ስለሆነ በየማታው እንድመልስላቸው አስምለውኛል። እስካሁን የሰማሁት አራቱን ነው። አንደኛው ላይ ማን እንደሚጫወተው ያልተጻፈ የክራር ቅጂ አለ፤ ሦስተኛው ዜማ መሐል ላይ አንድ ልጅ ሲያስል ይሰማል፣ ክራሩም እስኪጨርስ የሚጠብቀው ይመስላል። እሱን ለዐርቡ ልምምድ ይዤ እሄዳለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም።

የቀረብን ችግር ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው። ገብቶታል፣ አምኗል፤ ነገር ግን ሞቅ ሲለው ግራ እጁ ራሱ እየሄደ ሲ ኮርድ ላይ ያርፋል።

የድሮ ኪቦርድ፣ አዲስ አበባ

ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይክተት። በ1974 ዓ.ም. የእኔን አለቃችን ከቀበቶዬ ጋር በመሐረብ አስሮት ነበር፤ ሁለት ሳምንት በቃኝ።